ሰዓታችሁን ምን ይገድለዋል? የእጅ ሰዓት ለየሥራው እንዴት ይመረጣል

ሰው ሰዓት ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ነው። እኔም እንደዛው ነበርኩ። የመጀመሪያ ደህና ሰዓቴን የገዛሁት ሰማያዊ ፊቱ ዓይኔን ስለያዘው ብቻ ነው። ጀርባው ላይ 30 ሜትር ውሃ ይቋቋማል የሚል ጽሑፍ ነበረበት። እኔም ተማምኜ ሁለት ሜትር ጥልቀት ያለው መዋኛ ገንዳ ውስጥ ይዤው ገባሁ። በማግስቱ ጠዋት መስታወቱ ከውስጥ በኩል ጉም ለብሷል። ሳምንት ሳይሞላው ቆመ።

ሰዓቱ አልዋሸኝም። እኔ ነኝ ቁጥሩን ማንበብ ያልቻልኩት። ከዚያ ወዲህ ሰው "ሰዓት ምረጥልኝ" ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ አንተ ጋ ሲመጣ ይሄን ሰዓት ምን ይገድለዋል? ውሃ? ምት? ማግኔት? ወይስ መሳቢያ ውስጥ መረሳት? ይሄ ከታወቀ ምርጫው ግማሹ አለቀ ማለት ነው።

1. ቀናችሁን ጻፉ

ወረቀት አውጡ። ከእንቅልፍ ከምትነሱበት እስከምትተኙበት እጃችሁ የሚነካውን ነገር በአጭር በአጭሩ ጻፉ። ዕቃ ማጠብ፣ ኮምፒውተር፣ ሕፃን ማቀፍ፣ መዶሻ፣ ሞተር ሳይክል፣ ጂም፣ ዋና። የቀልድ ይመስላል፤ ግን ሰው "እንዲህ ነኝ" ብሎ የሚያስበውና እውነተኛ ውሎው ለየቅል ነው። የጠላቂ ሰዓት ከሚገዙት ብዙዎቹ ከሻወር ያለፈ ውሃ አያገኛቸውም። ኃጢአት አይደለም፣ ቆንጆ ሰዓቶች ናቸው። ያን ወፍራም ብረት ቀኑን ሙሉ የሚሸከመው ግን የእናንተ እጅ ነው።

ከውሎው ሥር ሦስት ጥያቄ መልሱ። ሰዓቱን በየቀኑ ነው የምታስሩት ወይስ አልፎ አልፎ? ጨለማ ውስጥ ታዩታላችሁ? ስልክ ኪሳችሁ ውስጥ እያለ ከሰዓቱ የምትፈልጉት ምንድን ነው፤ ጊዜ፣ ጌጥ ወይስ መረጃ? ሦስቱንም እፈልጋለሁ ካላችሁ አንዱን አስቀድሙ። ሦስቱንም እኩል የሚችል ሰዓት እስካሁን አላየሁም።

2. የውስጡን ሞተር ምረጡ

ባለ ባትሪው፣ ማለትም ኳርትዝ፣ ውስጡ ትንሽዬ የኳርትዝ ክሪስታል አለችው። ባትሪው ኤሌክትሪክ ሲሰጣት በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች። ቁጥሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። 15 ጊዜ ለሁለት ለሁለት ስትከፍሉት 1 ላይ ትደርሳላችሁ። የሰዓቱ ሰርኪውትም የሚሠራው ይሄንኑ ነው፤ እየከፈለ እየከፈለ በሰከንድ አንድ ምት ያወጣል። ሴይኮ የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1969 አስትሮን ብሎ ለገበያ ሲያቀርብ የሰዓት ዓለም ተገለባበጠ። ዛሬ ተራ የሚባለው ኳርትዝ እንኳ የሚዛነፈው በወር 15 ሰከንድ ገደማ ነው። ባትሪው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ዓመት ይሄዳል። አንዳንዱ ሰዓት ባትሪው ሊያልቅ ሲል የሰከንድ መርፌው ሁለት ሁለት ሰከንድ እየዘለለ ይነግራችኋል። ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደነግጡ።

ሜካኒካሉ ባትሪ የለውም። የተጠቀለለ ሞላ ቀስ እያለ ሲፈታ ጥርሶቹን ያዞራል። በእጅ የሚሞላ አለ፤ አውቶማቲክ የሚባል ደግሞ አለ፣ ውስጡ ያለች ግማሽ ክብ ብረት እጃችን ሲንቀሳቀስ እየዞረች የምትሞላው። ብዙዎቹ ዘመናዊ ሜካኒካል ሰዓቶች በሰዓት 28,800 ጊዜ ይመታሉ፣ በሰከንድ 8 ማለት ነው። የሰከንድ መርፌያቸው ሳትዘል የምትንሸራተት የምትመስለው ለዚህ ነው። ጥንቅቅ ብሎ የተሠራው እንኳ በቀን ጥቂት ሰከንድ ይቀድማል ወይም ይዘገያል። የስዊዘርላንዱ የክሮኖሜትር ፈተና ተቋም ኮስክ የሚፈቅደው በቀን በአማካይ ከ4 ሰከንድ መዘግየት እስከ 6 ሰከንድ መቅደም ነው። ርካሹ በቀን 20 ሰከንድ ቢቀድም ጤነኛ ነው። ይሄ የሚያናድዳችሁ ከሆነ ሜካኒካል አትግዙ። በየጥቂት ዓመቱም ተፈትቶ መታጠብና ዘይት መቀባት አለበት።

አውቶማቲክን የሚገድለው መረሳት ነው። ብዙዎቹ ሞልተው ቢቀመጡ 40 ሰዓት አካባቢ ይሄዳሉ። አርብ ማታ ብታወልቁት እሁድ ቆሞ ታገኙታላችሁ። እስከ 70 እና 80 ሰዓት የሚቆዩም አሉ። አልፎ አልፎ ለሚያስር ሰው ግን ሁልጊዜ ሰዓትና ቀን ማስተካከል ይሰለቻል።

በብርሃን የሚሠራው (ሶላር) ኳርትዝ ነው፤ ልዩነቱ የሚሞላ ባትሪ ያለው መሆኑ ነው። የሲትዝን ኢኮ-ድራይቭና የካሲዮ ተፍ ሶላር የታወቁት ናቸው። የክፍል መብራትም ይሞላቸዋል፣ ፀሐይ ግን በጣም ይፈጥናል። የሚገድላቸው መሳቢያ ነው፤ ወራት ጨለማ ውስጥ ከቆዩ ባትሪያቸው ይራባል። መስኮት አጠገብ አስቀምጡ፣ ግን የሚያቃጥል ፀሐይ ላይ አታስጡት።

ስማርት ሰዓት ትንሽ ኮምፒውተር ነው፣ አስተያየቱም እንደ ኮምፒውተር ይሁን። ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ፦ ከስልካችሁ ጋር ይሠራል ወይ (አፕል ዎች ከአይፎን ውጭ አይጠቅማችሁም)፣ ባትሪው ስንት ቀን ይቆያል፣ ሶፍትዌሩ እስከ መቼ ይታደሳል። አንዳንዱ በየቀኑ ቻርጅ ይፈልጋል፤ ስክሪኑ ቀለል ያለው አንድና ሁለት ሳምንት ይሄዳል። ለልጅ ልጅ የሚወረስ ዕቃ አይደለም።

የእኔን ምክር ከፈለጋችሁ፦ አንድ ሰዓት ብቻ የሚኖረው ሰው ሶላር ወይም ጥሩ ኳርትዝ ይግዛ። ሜካኒካል ስትወዱት ነው የሚገዛው። ለትክክለኛነት ብሎ የሚገዛው ሰው ራሱን ነው የሚያታልለው።

ማግኔት ከምትገምቱት በላይ ቅርብ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አንድ አውቶማቲክ ሰዓቴ ድንገት በቀን 10 ደቂቃ መቅደም ጀመረ። አለቀለት ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ሰዓት ሠሪው ምንም ሳይፈታ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ላይ አስቀመጠው፣ ቁልፍ ተጫነ፣ አነሣው፣ መለሰልኝ። አለቀ። ማታ ማታ ሰዓቱን የማስቀምጠው ክዳኑ በማግኔት የሚዘጋ የታብሌት ሽፋን ላይ ነበር። ፀጉር የምታህለው የውስጥ ሞላ ማግኔት ሲነካት ጥቅሎቿ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ሞላዋ ታጥራለች፣ ሰዓቱም ይፈጥናል። ስፒከር፣ የቦርሳ መቆለፊያ፣ የስልክ መያዣ ማግኔት፣ ሁሉም ያደርጉታል። ባለ መርፌ ኳርትዝም ማግኔቱ አጠገብ እያለ ሊቆም ይችላል፤ ስታርቁት ይቀጥላል።

3. የውሃውን ቁጥር በትክክል አንብቡ

እኔ የተቀጣሁበት ቦታ ነው። ሰዓቱ ላይ የተጻፈው ሜትር ልትወርዱበት የምትችሉት ጥልቀት አይደለም። አዲስ እያለ፣ ዝም ብሎ በተቀመጠበት፣ ያን የሚያህል ግፊት ችሏል ማለት ነው። ውሃ የሚያስቀሩት በጀርባው ክዳን፣ በመስታወቱና በጎን ቁልፉ ዙሪያ ያሉ ቀጫጭን የጎማ ቀለበቶች ናቸው። ጎማ ደግሞ ያረጃል።

በተግባር እንዲህ አንብቡት።

- ውሃ ይቋቋማል ብሎ ቁጥር የሌለው፣ ወይም 30 ሜትር (በግፊት መለኪያ 3 ባር ወይም 3 ኤቲኤም)፦ ዝናብና እጅ መታጠብ። በቃ።
- 50 ሜትር፦ ዕቃ ማጠብ፣ ቢበዛ አጭርና ረጋ ያለ ዋና።
- 100 ሜትር፦ ያለ ሐሳብ መዋኘት።
- 200 ሜትርና ከዚያ በላይ፦ ወደ ውሃ መዝለልና መጥለቅ።

በተጨመቀ አየር ጋን ለሚጠልቅ ሰው ቁጥሩ ብቻ አይበቃም። አይኤስኦ 6425 የሚባለውን ደረጃ ያሟላ መሆን አለበት። ደረጃው ቢያንስ 100 ሜትር ይጠይቃል፤ ጠላቂው ውሃ ውስጥ የቆየበትን ደቂቃ የሚያይበት ነገር፣ ለምሳሌ የሚሽከረከር ቀለበት፣ እንዲኖረው ይላል፤ በጨለማ ከ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት መነበብ አለበት ይላል። ዋናው ልዩነት ግን ሌላ ነው፦ በተራ ሰዓት ከምርቱ ናሙና ተወስዶ ይፈተናል፣ በጠላቂ ሰዓት እያንዳንዱ ሰዓት ለብቻው ይፈተናል።

እጅ ሲወዛወዝ ከሚመጣው ግፊት ይልቅ ሰዓት የሚፈጀው ሙቀት ነው። ትኩስ ሻወር፣ ሳውናና እንፋሎት ጎማውን ያላሉታል፣ ሳሙናው ያደርቀዋል። ብረቱና ጎማው በሙቀት እኩል አይሰፉም። ከዚያ ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና እርጥበት ይስባል። 200 ሜትር የተጻፈበትንም ቢሆን ሳውና ይዛችሁ አትግቡ።

ውሃ ውስጥ የጎን ቁልፎቹን አትንኩ። እንደ ብሎን የምትጠብቅ ቁልፍ ካለው ከመግባታችሁ በፊት መጥበቋን በጣታችሁ አረጋግጡ። ከባሕር ስትወጡ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ባትሪ ስታስቀይሩ ደግሞ የጎማ ቀለበቱንም አብራችሁ አስቀይሩ፣ ግፊትም ያስፈትኑላችሁ። ለዓመታት ዋና የቻለ ሰዓት ባትሪ በተቀየረ ማግሥት የሚሰጥመው እዚህ ጋ ነው፤ ክዳኑ ተከፍቶ አሮጌው ጎማ ተጣሞ ይመለሳል።

ውስጡ ጉም ካያችሁ ቀን አትቁጠሩ። ፀጉር ማድረቂያ አትንፉበት። በዚያው ዕለት ሰዓት ሠሪ ዘንድ ይከፈት። የዛገ ጥርስ በኋላ በምንም አይመለስም።

4. እጃችሁን ለኩ

ክር ውሰዱ። ሰዓት በምታስሩበት ቦታ፣ ከአጥንቱ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አዙሩትና ማስመሪያ ላይ ዘርጉት። 15 ወይም 16 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከ34 እስከ 38 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሰዓት ይስማማችኋል። 17 ወይም 18 ከሆነ ከ38 እስከ 42። ከ19 በላይ የሆነ እጅ ትልልቁንም ይችላል። ሕግ አይደለም፣ መነሻ ነው።

የሰዓት ሰዎች የሚያውቁት፣ ገዢ ግን የማይጠይቀው አንድ ልኬት አለ። ማሰሪያው የሚያያዝባቸው አራት ቀንዶች አሉ አይደል? ከላይኛው ቀንድ ጫፍ እስከ ታችኛው ያለውን ርቀት ለኩ። ይሄ ርቀት ከእጃችሁ ጠፍጣፋ ስፋት መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ቀንዶቹ አየር ላይ ይንጠለጠላሉ፣ ሰዓቱም እጅ ላይ የተቀመጠ ሳህን ይመስላል። 42 ሚሊ ሜትር ሆኖ ቀንዱ አጭርና ወደ ታች የታጠፈ ሰዓት፣ 39 ሆኖ ቀንዱ ከረዘመው ይልቅ በቀጭን እጅ ላይ ያምራል።

ውፍረትም እዩ። ረጅም እጅጌ ሸሚዝ የሚለብስ ሰው ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ቢሆንለት ሰዓቱ ሳይታገል እጅጌው ሥር ይገባል። 14 እና 15 የሚደርሰው ሸሚዙን እያነሣ፣ በር እየገጨ ይውላል።

መስታወት ፊት ቆማችሁ እጃችሁን ዝቅ አድርጉና እዩት። ከቅርብ፣ ወደ ፊታችሁ አስጠግታችሁ ስታዩት ሁሉም ሰዓት ትልቅ ይመስላል። ሰው የሚያይባችሁ ከሁለት ሜትር ነው።

5. መስታወት፣ ብረት፣ ማሰሪያ

መስታወቱ ሦስት ዓይነት ነው። ፕላስቲኩ (አክሪሊክ) ቶሎ ይጫራል ግን አይፈረካከስም፤ ጭረቱም በጥርስ ሳሙናና በጨርቅ ሲታሽ ይጠፋል። ተራው ማዕድን መስታወት መካከለኛ ነው። ሰፋየር በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 9 ነው፣ አልማዝ 10። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7 ስለሆነ ማዕድን መስታወትን ይጭራል፣ ሰፋየርን ግን አይጭርም። ሰፋየር ድክመቱ ምት ነው፤ በጠርዙ ሲመታ ይሰነጠቃል። በየቀኑ ለሚታሰር ሰዓት ለሰፋየር ትንሽ መጨመር አይቆጭም። መዶሻ ለሚይዝ ሰው ግን ማዕድኑ ወይም ፕላስቲኩ ይሻላል።

ብረቱ ላይ 316ኤል የሚል አይዝጌ ብረት ካያችሁ ጥሩ ነው። ታይታኒየም ከብረት በ40 በመቶ ገደማ ይቀላል፣ ቆዳቸው በኒኬል ለሚቆጣም ይስማማል፤ ጭረት ግን ይይዛል። ወርቃማ ቅብ ያላቸው ርካሾች ከጀርባ በኩል በላብ ይላጣሉ።

ማሰሪያ በኋላም ይቀየራል፣ ብዙ አትጨነቁበት። የቀንዶቹ ክፍተት 18፣ 20 ወይም 22 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰዓት ግዙ፣ ማሰሪያ አታጡም። ቆዳ ያምራል፣ ላብና ውሃ ግን ይበላዋል። ጎማና ናይለን ለሚያልበው ሰው ናቸው። የብረት ሰንሰለት ረጅም ዕድሜ አለው፤ ልክ ሲደረግ ማያያዣው ላይ ትንሽ የማስፊያ ቀዳዳ መኖሩን እዩ፣ እጅ በሙቀት ያብጣል።

6. ለየሥራው

የእጅ ሰዓት ታሪክ ራሱ ከሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ብራዚላዊው አብራሪ አልቤርቶ ሳንቶስ-ዱሞን እያበረረ የኪስ ሰዓት ማውጣት ቢያስቸግረው፣ ሉዊ ካርቲዬ እ.ኤ.አ. በ1904 እጅ ላይ የሚታሰር ሠራለት። ስለዚህ ከሥራችሁ ተነሡ።

ለቢሮ ቀጭን፣ ፊቱ ጸጥ ያለ፣ ሦስት መርፌና ቀን ይበቃል። ስብሰባ ላይ ሳትታዩ በጨረፍታ የምታነቡት መሆን አለበት። አምስት ትንንሽ ክብ ያለበት ፊት በጨረፍታ አይነበብም።

ለጉልበት ሥራ፣ ለግንባታ፣ ለብየዳና ለሞተር ሳይክል ሜካኒካሉን ቤት ተዉት። መዶሻና መሰርሰሪያ ውስጡን ያንቀጠቅጡታል። የካሲዮው ኢንጂነር ኪኩዎ ኢቤ ከአባቱ የተሰጠው ሰዓት ወድቆ ከተሰበረበት በኋላ ያስቀመጠው ግብ ሦስት አሥሮች ነበር፦ ከ10 ሜትር ቢወድቅ የማይሰበር፣ 10 ባር ውሃ የሚችል፣ ባትሪው 10 ዓመት የሚሄድ። ጂ-ሾክ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ከዚያ ነው። እስካሁን ከዚህ ዓይነት ሥራ ጋር የሚስማማ እንደሱ ያለ ጥቂት ነው። ማሽን ላይ የምትሠሩ ግን ሰዓትም ቀለበትም አውልቁ። እዚያ ጋ ጥያቄው ሰዓቱን ምን ይገድለዋል ሳይሆን ሰዓቱ እናንተን ምን ያደርጋችኋል ነው።

ለነርስና ለሐኪም የሰከንድ መርፌ የግድ ነው። የልብ ምት 30 ሰከንድ ቆጥሮ በ2 ለማባዛት፣ 60ው ነጥብ ሁሉ በግልጽ የተጻፈበት ነጭ ፊት እንደ ሩጫ መስመር ይረዳል። ዲጂታል ላይ ቁጥር እያነበቡ ምት መቁጠር ያደናግራል፣ ሞክሩት። ከክርን በታች ባዶ እጅ የሚል ደንብ ባለበት ሆስፒታል ደግሞ ደረት ላይ ተገልብጣ የምትንጠለጠለዋ ሰዓት አለች። ተገልብጣ የተሠራችው ለባሹ ወደ ታች ሲያያት ቀጥ እንድትልለት ነው።

ለሯጭ ጂፒኤስ ያለው ስማርት ሰዓት። የልብ ምት የሚለካው በአረንጓዴ ብርሃን ስለሆነ ላላ ካለ ይሳሳታል፤ ሲሮጡ አንድ ቀዳዳ ጠበቅ ማድረግ ነው። ንቅሳት ያለበት ቆዳ ላይም ሊሳሳት ይችላል። ቁጥሩን ለልምምድ ተጠቀሙበት፣ በሽታ አትመርምሩበት።

ሌሊት ለሚሠራ ሁለት ዓይነት ብርሃን አለ። አንደኛው ቀለም ነው፣ ብርሃን ጠጥቶ ለሰዓታት እየደበዘዘ ያበራል። ሌላው የትሪቲየም ጋዝ ያለባቸው ቀጫጭን የብርጭቆ ቱቦዎች ናቸው፣ ብርሃን ሳያገኙም ያበራሉ፣ በ12 ዓመት ገደማ ግን ግማሹ ይደክማል። አሮጌ ሰዓት የምትሰበስቡ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ድሮ ለማብሪያ የሚቀባው ራዲየም ነበር። ቀለሙ ማብራት ካቆመ ቆይቶ ይሆናል፣ ጨረሩ ግን አላቆመም፤ የራዲየም ግማሽ ዕድሜ 1,600 ዓመት ነው። እንዲህ ያለውን ሰዓት ቤት ውስጥ ከፍታችሁ አትፈቅፍቁ።

ለተጓዥ ሁለተኛ አገር የሚያሳይ አራተኛ መርፌ ያለው ይመቻል። የሬዲዮ ምልክት ተቀብሎ ራሱን የሚያስተካክል ሰዓት ደግሞ አለ። ማሰራጫዎቹ ያሉት አሜሪካ፣ ጀርመን፣ እንግሊዝ፣ ጃፓንና ቻይና ውስጥ ነው። ከነሱ ርቃችሁ የምትኖሩ ከሆነ ለዚህ ብላችሁ ተጨማሪ አትክፈሉ፣ ለእናንተ ተራ ሰዓት ነው።

ለሕፃን መርፌ ያለው፣ ቁጥሩ ሁሉ የተጻፈበት፣ ሰዓት ማንበብ የሚማርበት ርካሽ ሰዓት። ይጠፋል፣ እወቁት። ዓይናቸው ለደከመ አዛውንት ትልልቅ ጥቁር ቁጥር በነጭ ፊት ላይ፣ ወይም ሰዓቱን በድምፅ የሚናገር፤ ማሰሪያውም በአንድ እጅ የሚዘጋ ይሁን። የደከመ ጣት ትንሿን የቆዳ ቀዳዳ ማግኘት ያታክተዋል። ይሄን ሰጪው አያስበውም።

በነገራችን ላይ፣ ፊቱ ዙሪያ ታኪሜትር የሚባል የቁጥር ቀለበት ካለ ጌጥ ብቻ አይደለም። አንድ ኪሎ ሜትር በ45 ሰከንድ ከጨረሳችሁ መርፌው 80 ላይ ይቆማል፣ ፍጥነታችሁ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው። 3,600ን ለ45 ማካፈል ነው። ስንት ሰው ይጠቀምበታል? እኔ አንድ ጊዜ፣ ለመሞከር።

7. ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አምስት ደቂቃ

ሰዓቱን ወደ ጆሮ አስጠጉት። አውቶማቲክ ተብሎ የሰከንድ መርፌው በየሰከንዱ ቆም ቆም እያለ የሚዘል ከሆነ፣ ዕድሉ ሰፊ ነው፣ ውስጡ ባትሪ ነው። ቀኑ በመስኮቷ መሐል መቀመጡን፣ ደቂቃ መርፌው 12 ላይ ሲሆን የሰዓት መርፌው በትክክል ቁጥር ላይ መድረሱን እዩ። ትንንሾቹ ክቦች እውነት ይሠራሉ ወይስ የተሳሉ ናቸው? ቁልፎቹን ተጫኗቸው። ኮፒ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚያጋልጠው ይሄ ነው። የጀርባው ፊደል ጥርት ብሎ የተቀረጸ ነው ወይስ የተልፈሰፈሰ? የጀርባ ቁጥሩና ዋስትናው ላይ ያለው አንድ ናቸው?

ከዚያ የጎኗን ቁልፍ ሳቡና መርፌዎቹን ወደፊት አዙሩ። ልስልስ ብሎ መዞር አለበት፣ መንገራገጭ የለበትም። የሜካኒካል ሰዓት ቀን በፍጥነት ስትቀይሩ ግን ቀኑ ከሚለወጥበት ሰዓት በፊትና በኋላ ባሉት 3 ሰዓታት ውስጥ አይሁን። በዚያን ጊዜ ጥርሶቹ ተያይዘዋል፤ ብታስገድዱ አንዷ ትሰበራለች። መርፌውን መጀመሪያ 6 ላይ አውርዱት፣ ከዚያ ቀኑን ቀይሩ።

ያገለገለ ከሆነ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ መጨረሻ የታጠበው መቼ ነው? ክፍል ተቀይሮበታል? "አዲስ ማለት ነው" የሚል መልስ መልስ አይደለም። ውሃ መቋቋሙን ደግሞ እስኪፈተን ድረስ እንደሌለ ቁጠሩት።

8. የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ዋስትናው ሳይበርድ ሰዓቱን ፈትኑት። በስልካችሁ ሰዓት አስተካክሉት፣ ቀኑን ጻፉ። ከ7 ቀን በኋላ ስንት ሰከንድ እንደቀደመ ወይም እንደዘገየ ተመልከቱና ለ7 አካፍሉ። ኳርትዝ በሳምንት ከ4 እና 5 ሰከንድ በላይ ከሳተ መልሱት። ሜካኒካሉ በቀን 9 ሰከንድ ቢስት አትናደዱ። ቀን 86,400 ሰከንድ ነው፣ ከመቶ 99.99 እያገኘ ነው።

ሁለተኛውን ሳምንት ለሜካኒካሉ ጨዋታ አድርጉት። ማታ ስታወልቁ አንድ ሌሊት ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስተኙት። በሚቀጥለው ሌሊት ቁልፏን ወደ ታች አድርጋችሁ በጎኑ አቁሙት። ጠዋት ጠዋት ልዩነቱን ጻፉ። ብዙውን ጊዜ አንደኛው አተኛኘት ሰዓቱን ያፈጥነዋል፣ ሌላው ያዘገየዋል፤ የትኛው የትኛውን እንደሚያደርግ ከሰዓት ሰዓት ይለያል። የእኔው በጀርባው ሲተኛ 4 ሰከንድ ይቀድማል፣ ቁልፏ ላይ ሲቆም 3 ይዘገያል። ቀን ላይ ከቀደመ ማታ ቁልፏ ላይ አቆመዋለሁ፣ ከዘገየ በጀርባው አስተኛዋለሁ። ሰዓት ሠሪ ዘንድ ካየሁት ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።